ልብስ ሰፊዋ ባሕር ያየች ዕለት

ልብስ ሰፊዋ ያቺን የባሕር ጠረፍ ከተማ ያወቀቻት ከካላንደር ላይ ነው። ዓመቱ ካለፈ በኋላም ከስፌት መኪናዋ በላይ ካለው ግድግዳ አላወረደችውም፤ ነጫጭ ቤቶች፣ ማዕበል የሚመልስ የድንጋይ ግድብ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ብቻ። ክር ባለቀባት ቁጥር ቀና ብላ ታያት ነበር። ባለፈው ወር ባሏ ጎሚስታው ሲደበድባት ካላንደሩንም አብሮ ቦጫጨቀው። ጥፋቷ ምን ነበር? ምሳው ቀዝቅዞ። የቀዘቀዘ ምሳ እኮ የሞተ ሰው አይደለም፤ እሳት ላይ ቢመልሱት ይሞቃል!

አጎቷ አስታረቋቸው። ባልየው "ሁለተኛ እጄን ባነሳባት እጄን ቁረጡኝ" ብሎ ማለ፤ ለካሣም ከተማዋን ሊያሳያት ቃል ገባ። እሷም በሆዷ ቃል ገባች። ተለውጦ እንደሆነ እዚያ አይታ ትለያለች፤ ካልተለወጠ አብራው አትመለስም። ስፌት ቤት የከፈተች የአክስቷ ልጅ እዚያው ከተማ አለች።

ሲደርሱ ከተማዋ እንደ ካላንደሩ አልሆነችም። የቤቶቹ ቀለም ተላልጧል፣ ግድቡ ሥር የዓሣ አንጀት ተዝረክርኳል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ባሕሩ ግን ነበረ። ስታየው እንባዋ መጣ።

"ይኸው፣ ደስ አለሽ?" አለና ባሏ ትከሻዋን አቀፋት።

ደስ ብሏታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚያች ደቂቃ ይቅር ብላው ነበር።

ግድቡ ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ኦክቶፐስ ይቀጠቅጣሉ። ያን ባለ ስምንት ክንድ ፍጥረት ጨብጠው ከድንጋዩ ጋር ያላትሙታል።

"ካልተመታ እንደ ጎማ ነው፤ ለጥርስ አይበገርም" አሏቸው።

ጎማ ሲባል ጎሚስታው መች ዝም ሊል! እጅጌውን ሰበሰበ። "እስቲ ወዲህ በሉት አባባ፤ የጎማን ነገር ለኔ ተዉት!"

መታ። አጥማጆቹ ሳቁ። ደግሞ መታ።

"እጁ የለመደ ነው!" አለ መረብ የሚጠግነው ጎረምሳ።

ሁሉም ሲስቁ ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። አመታቱን ታውቀዋለች። በአፍንጫው መተንፈሱን፣ ከንፈሩን መንከሱን፣ ክንዱ ሲወርድ "እንካ!" ማለቱን። እስከ ዛሬ ከሥሩ ወድቃ ነበር የምታየው፤ ከጎን ቆማ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። ሁልጊዜ ተናዶ ይመስላት ነበር።

"ይበቃዋል ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "ከዚህ በላይ ከተመታ ሥጋው ይበላሻል።"

አልሰማም። ክንዱን ሲይዙት ዞሮ በዚያው በኦክቶፐሱ ፊታቸውን አጮላቸው። ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ ወደቁ፤ ከቅንድባቸው ደም ፈሰሰ።

መረብ ጠጋኙ በመቅዘፊያ ጉልበቱን አለው። ሲወድቅ ሌሎቹ ሰፈሩበት፤ በርግጫ፣ በቡጢ፣ በእርጥብ ገመድ። ጎሚስታው ጥርሱን ከነደሙ ተፋ። "ንገሪያቸው እንጂ!" ብሎ ጮኸ ወደ ሚስቱ።

ሽማግሌው ግንባራቸውን ይዘው ቀና አሉ። "ባልሽ ነው እንዴ ልጄ? ካልሽ ተዉት እላቸዋለሁ።"

ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ከኋላዋ የርግጫው ድምፅ ይሰማታል፤ የምታውቀው ድምፅ ነው። ይህን ያህል ርቆ እንደሚሰማ ግን አታውቅም ነበር። ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤቶቿ ሁሉ ይሰሙ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት፤ በእነሱም አንጀቷ አረረ።

ዞረች።

"ይበቃዋል" አለች። "ከዚህ በላይ ሥጋው ይበላሻል።"

አጥማጆቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። አንዱ ሊስቅ ቃጣውና ፊቷን አይቶ ተወው። ባሏ በእንብርክኩ ሆኖ እንድታነሳው እጁን ዘረጋላት። ከቦርሳዋ የመመለሻ ትኬት አውጥታ፣ የሱን ብቻ፣ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ከዚያ ሻሿን ፈትታ የሽማግሌውን ግንባር እያሰረች፣ የአክስቷ ልጅ ስፌት ቤት በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀቻቸው።