ምሳ በሁለት በር

ከባሕሩ ዳር እስከ ደጋው የሚመላለሱ ሾፌሮች ስለ መንገዱ ብዙም አይከራከሩም፤ የሚከራከሩት የት እንደሚበላ ነው። አንዱ ጅቡቲ ወደቡ አጠገብ ተሰንጥቆ በእሳት የሚጠበሰውን ዓሣ በትኩስ ቂጣ ያነሳል። ሌላው ሚሌ ደርሶ ፍየል ካልበላ ቆላ የወረደ አይመስለውም። ባቲን በገበያ ቀን ብቻ የሚያምኑ አሉ። ደብረ ሲናን ደግሞ ቆሎ ገዝቶ እየቆረጠሙ ማለፍ ነው ይላሉ፤ ብርዱ አያስቀምጥማ። ከሚሴ ላይ ሲደርሱ ግን ክርክሩ ይበርድ ነበር። "ሁለቱ ሴቶች ጋ" ይባላል፤ ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም።

ሁለቱ ሴቶች ዘሃራና እትዬ ወለተገብርኤል ናቸው። ቤቶቻቸው አስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ናቸው፤ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። አውቶቡስ በሁለቱ በሮች መካከል ይቆማል። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ አንድ ወንበር ተጋርተው፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እያንቀላፉ የመጡ ሰዎች ሲወርዱ ማንም ሳይነግራቸው ለሁለት ይከፈላሉ። ሙስሊሙ ወደ ዘሃራ፣ ክርስቲያኑ ወደ እትዬ ወለተ። ሁሉም በየሃይማኖቱ የታረደውን ይበላል። በልተው ሲወጡ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ እንደገና ይገናኙና፣ "የእናንተ በሬ ጡረታ የወጣ ነው መሰለኝ"፣ "የእናንተስ ፍየል ከሰንበቴ ገበያ ድረስ ሮጦ የመጣ አይደል" እየተባባሉ ይሳፈራሉ።

አጥሩ ላይ ጠባብ በር አለች። በእሷ በኩል ጨው ይሻገራል፣ ከሰል ይሻገራል፣ ቧንቧ ሲጠፋ ውሃ በጀሪካን ይሻገራል፣ እንጀራ ያነሰው ቤት እንጀራ በሰፌድ ይሻገርለታል። ድስት ግን አይሻገርም። ይህን ማንም አልደነገገውም። ዘሃራ ራሷ ሕግ መሆኑን ያወቀችው ከጣሰችው በኋላ ነው።

መንገዱ መዘጋትና መከፈት ከጀመረ ወዲህ የሚቆሙት አውቶቡሶች አንድ በአንድ ቀሩ። አንዱ ሌሊት ማለፍ አቆመ፤ ሌላው መስመሩን በአዋሽ በኩል አዞረ፤ ሦስተኛው ምን እንደሆነ አልታወቀም፣ በቃ አልመጣም። በመጨረሻ የሣህሌ አውቶቡስ ብቻ ቀረ። ሣህሌ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ ሎጊያ የሚወርድ ሰው ነው። ወደ ባሕሩ ሥራ ፍለጋ የሚወርዱ የደጋ ልጆችን፣ ዘመድ ጠይቀው የሚመለሱ አፋሮችን፣ ዕቃ የያዙ የወሎ ነጋዴዎችን አንድ ላይ ጭኖ ነው የሚሄደው። የሱ አውቶቡስ ሲመጣ የዘሃራ ቤት የሳምንት ወጪውን ይሸፍናል፤ ካልመጣ ምድጃው የሚነደው ለቤተሰቡ ብቻ ነው። የከተማው ሰው እንኳን እንደ ድሮው ወጥቶ አይበላም።

ከዚያ እትዬ ወለተ ሄዱ። ከታች በኩል ተኩስ በተሰማበት ሳምንት ደብረ ብርሃን ያለችው ልጃቸው ደውላ አለቀሰች፤ ሲያነሱ አለቀሰች፣ ሲዘጉባት መልሳ ደውላ አለቀሰች። እሳቸውም ዕቃቸውን አሰሩ። ዘሃራ ጠዋት ልትሰናበት ስትገባ ትልቁን ድስት በኬሻ ሲጠቀልሉ አገኘቻቸው።

"አንቺን ሸሽቼ እንዳይመስልሽ" አሏት ቀና ሳይሉ።

"ምን በወጣኝ እንዲያ ላስብ፣ እትዬ።"

"ሰው ያስባል። እኔም ብሆን አስባለሁ።" ገመዱን በጥርሳቸው ይዘው አጠበቁት። "ቤቱን ለማንም አላከራየሁም። ብመለስ ማረፊያ ይሆነኛል።"

ዘሃራ እንደማይመለሱ ያወቀችው ድስቱን ሲጠቀልሉ ባየች ጊዜ ነው። የሚመለስ ሰው ልብሱን ይይዛል እንጂ ድስቱን አይይዝም።

ሣህሌ በሚቀጥለው ምልልሱ ሲቆም የእትዬ ወለተ በር ተዘግቶ አገኘው። ግማሹ ተሳፋሪ ዘሃራ ቤት ገብቶ በላ፤ ግማሹ አውቶቡሱ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ ብስኩት ቆረጠመ። ሣህሌ ዘሃራን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ቅር ሊያሰኛት እንዳልፈለገ፣ ግን ይህ ዓይነት አቋቋም እንደማያዛልቅ ነገራት። ግማሹን እያበላ ለግማሹ ሽታውን ብቻ እየሰጠ ስንት ጊዜ ይነዳል? ጥቂት ቀን ስጠኝ አለችው። ሰጣት።

ያሰበችውን ለባሏ ለሙሀመድኑር የነገረችው በዚያው ዕለት ነው። የእትዬ ወለተን ቤት በስልክ ለምና ትከራያለች። እትዬ ወለተ ጋ ትሠራ የነበረችው ሰገነት ሥራ ፈታ ተቀምጣለች፤ ማዕዱ ላይ እሷ ትቁም። ሥጋው ከክርስቲያን ልኳንዳ ይምጣ፣ ዕቃው ለብቻው ይሁን፣ ቢላው ለብቻው ይሁን። ሙሀመድኑር እስክትጨርስ ሰማት።

"ሰው አይቶ አይደለም የሚበላው" አላት፣ "አምኖ ነው። የዚያኛው ቤት እምነት እትዬ ወለተ ነበሩ።"

"አሁን ደግሞ ሰገነት ትሆናለች።"

"እጁ የሰገነት፣ ቤቱ ያንቺ። ሁለት ማዕድ ለአንድ ባለቤት አላየሁም።"

"ወላሂ፣ ወንድ ልጅ ሥራ ሲፈታ ነው ዐዋቂ የሚሆነው።"

ሙሀመድኑር ሳቀ። የሚያቀርብላት ሌላ ሐሳብ ስላልነበረው ተነስቶ የተጣመመውን የእትዬ ወለተን መዝጊያ አቃና።

እትዬ ወለተ በስልክ እሺ አሉ፤ ለጥቂት ሳምንታትም ነገሩ ሠመረ። ሣህሌ ቆመ፤ ተሳፋሪው እንደ ድሮው ለሁለት ተከፈለ፤ የበሬውና የፍየሉ ቀልድ ተመለሰ። "እትዬ ወለተ የታሉ?" ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ ሰገነት ደብረ ብርሃን ሄዱ ትላለች። ውሸት አልነበረም። ዘሃራም ዋሺ አላለቻትም፤ የማይጠየቀውን አትናገሪ ብቻ ነው ያለቻት። ባቲ ድረስ "ሁለቱ ሴቶች ተመለሱ" ተብሎ ተወራ። ዘሃራ ይህን ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ስትሰማ ደስታዋን ደበቀች፤ የሚያምኑት ነገር ሲነገር ይሸሻል ትላለች።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ረቡዕ ቀን ነው። ዋዜማውን መንገዱ ተዘግቶ ስለዋለ የሣህሌ አውቶቡስ የሁለት አውቶቡስ ሰው ጭኖ ደረሰ፤ መተላለፊያው ላይ ሳይቀር ሰው ቆሟል። ረቡዕ ጾም ነውና ክርስቲያኑ በሙሉ ሽሮና ምስር አዘዘ። የሰገነት ድስት ግማሹን ሰው ሳያዳርስ ተራቆተ። ሰገነት በአጥሩ በር ብቅ ብላ አለቀብኝ አለች፤ ከበስተኋላዋ ሰዉ ሳህን ሲያንኳኳ ይሰማል። ሣህሌ ሰዓቱን እያየ በረንዳው ላይ ይመላለሳል፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ባቲን ማለፍ አለበት።

ዘሃራ ዘንድ አንድ ድስት ሙሉ ሽሮ ነበር። ቅቤ ያልነካው፣ በዘይት የተሠራ። ከሽሮ በቀር ሌላ ነገር ተሠርቶበት በማያውቅ ድስት። ስታስበው ጊዜ አልፈጀባትም፤ እንጀራ ከተሻገረ ሽሮ ለምን አይሻገርም? ለዝንቡ ብላ ክዳኑን ገጠመችበት፣ በጨርቅ አንስታ በጠባቧ በር አለፈች፤ ሰገነትም እየጨለፈች ለበላተኛው አወጣች።

በሩ አጠገብ የተቀመጠች ነጠላ የለበሰች ሴት ጉርሻዋን ወደ አፏ አድርሳ መለሰችው።

"ይሄ ከየት መጣ?" አለች፣ በቁጣ ሳይሆን እንዲሁ እንደሚጠየቀው።

ሰገነት መዋሸት አታውቅበትም። "ከዚያኛው ቤት" አለች።

ዘሃራ ክዳኑን አንስታ አሳየች። ሽሮ ነው፣ በዘይት ነው፣ ድስቱም የሽሮ ነው ብላ አስረዳች። ሴትየዋ አየችው፤ አዎ ሽሮ ነው አለች፤ ትሕትናዋ ግን ጉርሻውን አላስዋጣትም። ከጎኗ የነበረው ሰው ሳህኑን ገፋ አደረገ። ሌላው እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ማንም የሰደባት የለም። ቢሰድቧት መልስ አታጣም ነበር።

ዘሃራ ድስቱን ይዛ ተመለሰች። ይህ ሁለተኛው ስሕተቷ ነው፤ እዚያው ብትተወው ኖሮ ቢያንስ የራሷ ቤት በተረፈላት። ከክርስቲያኑ ማዕድ ቤት ወጥቶ ወደ ሙስሊሙ ማዕድ ቤት የሚገባ ድስት ተሸክማ በበላተኛው መካከል አለፈች። አብዱልጀሊል የሚባሉ፣ ፍየል ነጋዴነታቸው በመስመሩ ሁሉ የሚታወቅ፣ ሁልጊዜ ጥግ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ እጃቸውን ከማዕዱ አነሱ።

"ልጄ፣ ያ ድስት ከዚያ ቤት ነው የወጣው?"

"አዎ አባቴ፣ ሽሮ ብቻ ነው። ከዚህ ሄዶ ነው የተመለሰ፤ ይዩት።"

ቀና ብለው አዩት። "ዛሬ ሽሮ መሆኑን አየሁ" አሉ። "ትናንት ምን እንደነበረ የምጠይቀው ማንን ነው?"

"ወላሂ አባቴ፣ ሌላ ቀን ተሻግሮ አያውቅም።"

"አምንሻለሁ" አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸው ግን እጃቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ይፈልግ ነበር። "ያኛው ቤት የማን ነው አሁን?"

መዋሸት ትችል ነበር። ሰገነት አጥሩ በር ላይ ቆማ ትሰማለች፤ ሙሀመድኑር የሒሳብ መቀበያው ጠረጴዛ አጠገብ አንገቱን ደፍቷል። "እኔ ነኝ የተከራየሁት" አለች ዘሃራ።

አብዱልጀሊል "አልሐምዱሊላህ" ብለው ከማዕዱ ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ ሌሎቹም ተነሱ። የተጀመረ ሥጋ በየሳህኑ ቀረ። ሰዉ ከሁለቱም በር ወጥቶ አስፋልቱን ተሻገረና ማንጎ የምትሸጠዋን ሴት ከበባት። "ማንጎ እንኳን ቢስሚላህም በስመ አብም አይፈልግም" አለ አንድ ጎረምሳ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረው ሳቁ። በዚያ ቀን አንድ ላይ ሆነው የበሉት እሱን ብቻ ነው።

ሣህሌ ሻይ ጠጣ። ሾፌር ተሳፋሪ ባመጣበት ቤት አይከፍልም፤ ያገሩ ደንብ ነው፤ ሣህሌም ከፍሎ አያውቅም። ያን ቀን ብር አውጥቶ ከብርጭቆው ሥር አስቀመጠ። ዘሃራ ብሩን አየች።

"እኔ ምን ተንኮል አየሁብሽ" አላት። "ንጹሕ ሰው መሆንሽን አውቃለሁ። ግን እኔ አይደለሁም የምበላው፤ ስድሳ ሰው ነው።"

"ስንብት ነው በለኛ።"

"ልለው አልፈለግሁም ነበር፣ ዘሃራ።"

ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ ባቲ ደረሰ። ሲመለስ ደግሞ አድጎ ተመለሰ፤ ሽሮው ሥጋ ወጥ ሆነ፣ አንዱ ቀን ዓመት ሆነ። የከተማው ሽማግሌዎች ሙሀመድኑርን ጠርተው በወግ ጠየቁት፤ በወግ መለሰላቸው፤ አምነንሃል አሉት። ካመኑት መካከል ግን ተመልሶ መጥቶ የበላ የለም። ሰገነት ሁለት ሳምንት ባዶ ቤት ጠርጋ ወደ እኅቷ ሄደች። ስትሰናበት ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሽሮውን አስቀድሜ ማብዛት ነበረብኝ አለች፤ ዘሃራ አይደለም አለቻት፤ የማን እንደሆነ ግን እሷም አልነገረቻትም።

ሙሀመድኑርም "አላልኩሽም?" አላላትም። ቢል ይሻላት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ወለተ ጋ ደወለች። ኑልኝ ልትል ነበር። እትዬ ወለተ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ልጃቸው ከቤት ወጥተው ገበያ እንዲደርሱ እንኳን እንደማትፈቅድ ነገሯት። ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሶ ኖሯል። "እኔ ብኖርም እኮ አሁን ይጠይቁኛል" አሏት። "በፊት የማይጠይቁት ደግ ስለሆንን አልነበረም፤ ስላላሰቡት ነው። አሁን አሰቡት።" ዘሃራ ኑልኝ የሚለውን ሳታወጣው ጤና ይስጥዎ ብላ ዘጋች።

የሰንበቴ ገበያ ዋዜማ ነው። ከጨፋ ሜዳ የሚነዱ ከብቶች አስፋልቱን ሞልተውት የሣህሌ አውቶቡስ ዘሃራ በር ፊት ለፊት ተገትሮ ቆመ። ሊበላ አይደለም፤ ከብቱ እስኪያልፍ ነው። ሣህሌ መሪው ላይ እንዳለ እጁን አነሳ፤ እሷም አነሳች። ሁለቱም ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ከብቱ መለሱ።

አንዲት ወጣት ሴት በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። ለመንገዱ አዲስ ሳትሆን አትቀርም፤ የነጋዴም የሠራተኛም ዕቃ አልያዘችም።

"እኅቴ፣ እዚህ ምሳ የሚበላበት ቤት የለም?"

ዘሃራ ሽርጧን እንዳገለደመች ነው። ከበላይዋ የቤቷ ታፔላ አለ። እዚሁ ነው ብትል ልጅቷ ሾፌሩን ትጠይቃለች፤ ሣህሌም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምክንያቱን ሊናገር ይገደዳል፤ እሷም ቆማ ትሰማለች።

"ኮምቦልቻ ድረስ ታገሺ" አለቻት። "እዚያ የሚጥምሽን ታገኛለሽ።"

"ሩቅ ነው?"

"ብዙ አይርቅም። እስከዚያ ጉሮሮሽን የምታርሺበት ውሃ ላምጣልሽ?"

"ተዪው፣ ይዣለሁ" አለች ልጅቷ፤ የታሸገ ውሃዋን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። የመጨረሻዋ ላም አለፈች። አውቶቡሱም ሄደ።