የዳማና የጉራች ቤት

የፊልጶስን ግራጫ ሹራብ ከቁም ሳጥኑ ሳወጣው ከእጅጌው ውስጥ አንድ ነገር ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጥቁር፣ ሞላላ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል። አንስቼ ወደ መስኮቱ ስጠጋ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ። ጣልኩትና እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ።

ሹራቡን የማወጣው ሰው በማያየኝ ሰዓት ነው። ለምን እንደማወጣው መጻፍ አያስፈልግም። ደረቱ ላይ ረጥቧል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ የአሞኒያ ጠርሙስ ስከፍት ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን እንዳያስጠጉ፣ በእጃቸው እያራገቡ ከሩቅ እንዲያሸቱ እነግራቸዋለሁ። እኔ ግን ፊቴን ቀብሬበት ነበር።

«ቤተል» ብዬ ተጣራሁ።

ልጄ ቤተል ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ሹራቡን አየችው።

«ይሄን ማን ነው የወሰደው?»

«በርዷቸው ነው» አለች። «ካርቶኑ ርሶባቸው።»

«እና በአባትሽ ልብስ ጠቀለልሻቸው።»

«ሌላው ልብስ አይሞቅም።»

አልጮህኩም። በቤታችን አይጮህም። «እስከ ቅዳሜ ደህና ቤት ካላገኘንላቸው ይወጣሉ» አልኩ።

«ወዴት?»

ወሩ ሐምሌ ነው፣ ከተማው እንጅባራ ነው። በዚህ ዝናብና ብርድ ደጅ የወጣ ነገር ምን እንደሚሆን እሷም ታውቃለች።

ዳማና ጉራች ጊኒ ፒጎች ናቸው። ባለቤቴ ይሠራበት የነበረው ቤተ ሙከራ ጥናቱ ሲያልቅ የተረፉትን እንስሳት አስወግዱ ተባለ። ፊልጶስ ሁለቱን በጃኬቱ ኪስ ይዟቸው መጣ። ቤተል ቀይዋን ዳማ፣ ጥቁሯን ጉራች አለቻቸው፤ አያቷ እንስሳን ሁሉ በፈረስ መልክ ስም ይጠሩ ነበርና ከሳቸው የለመደችው ነው። ፊልጶስ ሦስት ሳምንት አብሯቸው ከረመ። ከዚያ አረፈ።

እኔ እጸየፋቸዋለሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጎመን ሲሸታቸው እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ይጮሃሉ። ሲበሉ ይሸናሉ፤ ሲሸኑ ይበላሉ። አንድ ቀን ዳማ አንገቷን ወደ ኋላዋ ቀልብሳ ከራሷ የወጣውን ሞቅ ያለ ነገር በአፏ ተቀብላ ስታኝክ አየሁ። በስልኬ ሳነብ ለጤናቸው የግድ ነው ይላል። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ነገር ግን አባቷ ሲቀበር ቤተልን ዳንግላ፣ አክስቷ ቤት ልኬያት ነበር። ሳጥኑን አላየችም፤ እንዳታይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስትመለስ ስለ አባቷ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ ማዕድ ላይ የምናወራው ዳማ ስለ በላችው፣ ጉራች ስለ ደፋችው ውኃ ነው። እነሱን አውጥቼ ብጥላቸው እኔና ልጄ ምን እንደምንነጋገር አላውቅም።

ቤት ስንሞክርላቸው የመጀመሪያችን አልነበረም። የፊልጶስ ታላቅ እህት እትዬ ሣራ ዳንግላ ላይ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ታረባለች። ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተበት ቀን አንድ የዶሮ ማርቢያ የሽቦ ኬጅ ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭና መጣች። ሽቦው መሐል የዶሮ ኩስ ደርቆ ተጋግሯል፤ ላባም ተጣብቆበታል። እኔ በፈላ ውኃና በበረኪና ስፍቀው እሷ ካርቶኑ ላይ አጎንብሳ ታያቸዋለች።

«ጭራቸውን የት አደረሳችሁት?» አለች።

«ጭራ የላቸውም፣ አክስቴ» አለች ቤተል።

«አይጥ መሆናቸውን እንዳናውቅ ቆርጠው ጥለውት ይሆናል።»

ምሳ ቀረበ። እትዬ ሣራ ስትጸልይ ዓይኗን አትጨፍንም። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ማዕድ…» ብላ ድንገት ቆመች። ዳማ የተለመደ ሥራዋን እየሠራች ነበር። እትዬ ሣራ እጇን ከሳህኑ አንስታ፣ «ማናየሽ፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽ ሰው አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። አሜን ሳይባል ቀረ።

ኬጁ ወለሉ ሽቦ ነው፤ የዶሮ ኩስ ወደ ታች እንዲወርድ የተሠራ። የጉራች እግር በሽቦው መሐል ገብቶ ተቀረቀረ። ስናወጣው መርገጫው ቆስሏል፤ ከቀናት በኋላ መግል ያዘ። መግሉን በጨውና በለብታ ውኃ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቤተል ያዘቻት፣ እኔ ጨመቅሁት።

ቀጥሎ ከመንገድ ዳር የቀርከሃ ቅርጫት ገዛን፤ ሰፊ፣ የሚያምር፣ ለልብስ ማስቀመጫ የሚሆን። ቀርከሃውን በሉት። በበሉት በኩል ወጥተው ሽንት ቤት ድረስ ሄዱ። ባልበሉት በኩል ደግሞ ሽንታቸው እየወረደ ወለሌን አበሰበሰው። ወደ ካርቶን የተመለስነው ያን ጊዜ ነው። ካርቶን ደግሞ በሁለት ቀኑ ሥጋ ይመስል ይለሰልሳል።

ከዚህ ሁሉ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ዐውቄያለሁ። ወለሉ ድፍን ጣውላ መሆን አለበት። ከቁመት ይልቅ ርዝመት ይፈልጋሉ፤ መዝለል አያውቁም፣ መሮጥ እንጂ። ጎኑ እስከ ጉልበት ቢደርስ ይበቃል፣ ክዳን አያሻውም። ከውስጥ ሰጋቱራ ይነጠፍበታል። ከበር ንፋስና ከማድቤት ጭስ ርቆ ግድግዳ ጥግ ይቀመጣል። ይህን የሚሠራ አናጢ ነው።

ከቤታችን የማይርቅ አንድ አናጢ አለ፤ ጋሽ ይሄነው። ፊልጶስ ካረፈ ጀምሮ በሱቁ በኩል አላለፍኩም። በረንዳው ላይ ያለው ጽሑፍ፣ በርና መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን ይልና ከታች በቀይ ቀለም ሌላ ነገር ይጨምራል። ሌሎቹ አናጢዎች ጋ ሄጄ ሁለቱ ሳቁብኝ፤ ሦስተኛው መብራት ስለሌለ መጋዝ አይሠራም አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቤተልን ይዤ ወደ ጋሽ ይሄነው ሄድኩ።

«መምህርት» ብሎ ከተቀመጠበት ተነሣ። ጥቁር ልብሴን አየና ዓይኑን ዝቅ አደረገ።

የምፈልገውን በእጄ እያሳየሁ ነገርኩት። አዳመጠኝ።

«ለጥንቸል ነው?»

«ለመሰሉት።»

«ጊኒ ፒግ ናቸው» አለች ቤተል። «አይጥ አይደሉም።»

«አይጥ ናቸው ያለ አለ እንዴ?» አላት። ወደኔ ዞረ። «መምህርት፣ መብራት ከጠፋ ሰነበተ። በእጅ ልሠራው ብል ከሚቀጥለው ሳምንት በፊት አይደርስም።»

«ዛሬ ነው የምፈልገው።»

አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ወደ ጓዳው ገባና ላስቲክ ሲገፈፍ ሰማሁ። «ካልከፋዎት እዚህ አንድ የተሠራ አለ» አለ።

ገባን። ያልተቀባ፣ ልብስ ያልለበሰ ሳጥን ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ክዳኑ ከጎኑ ግድግዳ ተደግፏል፤ ክዳኑ ላይ መስቀል ተቸንክሯል።

አፌ ውኃ ሞላ። ከማስታወክ በፊት የሚመጣው ዓይነት ውኃ። ወደ በሩ ዞርኩና ደጁን አየሁ። ደጁ ላይ አንድ በግ ቆሞ የሙዝ ልጣጭ ይበላል፤ እሱም አስጠላኝ።

«ለማን ነበር?» ትላለች ቤተል ከኋላዬ።

«ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ላለ ልጅ። ያንቺ እኩያ ነው፣ ምናልባት አንድ ዓመት ቢበልጥሽ። ከፈረስ ወደቀና ሆስፒታል ወሰዱት። አጎትየው ነርሷ አንሶላውን ወደ ላይ ስትስብ አይቶ አለቀ ብሎ ደወለልኝ። እኔ ደግሞ እጄ ፈጣን ነው፤ ወዲያው ገጠምኩት። ልወስድ ስል ተደወለ። ልጁ ውኃ ስጡኝ ብሏል።»

«አልሞተም?»

«ባለፈው ገበያ ድንች ጭኖ አይቼዋለሁ። በዚያው ፈረስ።»

«ሳጥኑስ?»

«ማን ይወስደዋል? ልሸጠው ብል፣ ባለቤቱ የከዳውን ሳጥን አንፈልግም ይላሉ። ልፍታው ብል ባለቤቴ እንጨቱ ቤት አይገባም፣ ለማገዶም አላደርገውም አለች። የልጁ እናት በዚህ ስታልፍ ትተፋለች። ብትተፋ አልፈርድባትም።»

«ቤተል፣ እንሂድ» አልኩ።

አልተነቃነቀችም። ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ከውስጥ አስገብታለች።

«የአባቴን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

ጋሽ ይሄነው እኔን አየኝ። እኔ ወለሉ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አየሁ። ያንን እንደ ፈቃድ ወሰደው።

«እኔ ነኝ» አላት።

«እንደዚህ ነበር?»

«ከዚህ ይረዝማል። አባትሽ ረጅም አልነበር?»

«ውስጡስ?»

«ውስጡንም ልጌ አለስልሼዋለሁ። አይታይም ብዬ የምተወው ነገር የለም።»

ቤተል ሌላ አልጠየቀችም። እጇን ግን አላወጣችም፤ ከጣውላው አንዱን ጫፍ ይዛ እስከ ሌላው ጫፍ በመዳፏ ተከተለችው። እኔ በቀብሩ ቀን የፊልጶስን ሳጥን አልነካሁም። ሰዎች ሁለት እጄን ይዘውኝ ነበር፤ ባይዙኝም አልነካውም ነበር።

«ክዳኑን አንፈልገውም» አልኩ።

ጋሽ ይሄነው ስለ ዋጋ ሳነሣ፣ ይውጣልኝ እንጂ ሌላ አልልም ብሎ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሰጋቱራ መርቆ ባጃጅ ጠራልን።

ያላሰብኩት ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሳጥኑ ከባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ ሲገባ ለኛ መቀመጫ አልተረፈም፤ በሁለቱም ጎን ብቅ ብሏል። ባጃጁ እንዳይወድቅበት ቀስ ብሎ ሄደ። እኔና ቤተል ከኋላ በእግራችን ተከተልን። እኔ በጥቁር ልብስ፣ ልጄ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጭቃ እየመረጠች።

ከሻይ ቤቱ በረንዳ ሰዎች ተነሡ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁለት ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ዕቃቸውን መንገድ ዳር አስቀምጠው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ከኋላችን ገቡ። ከሴቶቹ አንዷ በአዊኛ እያንጎራጎረች ማልቀስ ጀመረች። ዞር ስል ሰባት ስምንት ሰው ይከተለናል።

ቀብር ሲያልፍ መሸኘት ደግ ልማድ ነው። እኔንም የሸኙኝ እንዲህ ነው፤ የማያውቁኝ ሰዎች። በዚያች ሰዓት ግን ሁሉም ነገር አንገሸገሸኝ፤ እንባቸውም፣ እኔም፣ ባጃጁ ውስጥ ያለውም። አፌን ከፍቼ ለአይጥ ቤት ነው ማለት አቃተኝ። ሸኚዎቹ እየበዙ ጥቂት ሄድኩ።

ሽማግሌው አጠገቤ ደረሱ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ። ማን ነው ያረፈው?»

«ማንም አልሞተም» አለች ቤተል፣ ጮክ ብላ። «የዳማና የጉራች ቤት ነው።»

«የፈረሶቹ?»

«ጊኒ ፒጎች ናቸው። ትንንሽ። ወለሉ ድፍን መሆን ስላለበት ነው።»

ሽማግሌው ሳጥኑን አዩ፣ እኔን አዩኝ። «እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው፣ አባቴ» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። አልቃሿ ሴት እንባዋን ጠርጋ፣ «እኔማ ልቤ ፈሷል፤ ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኛል?» አለች። ጓደኛዋ፣ «ለሚመጣው ይያዝልሽ» አለቻትና ዕቃቸውን ወዳስቀመጡበት ተመለሱ። ከተከተሉን ወንዶች አንዱ ምራቁን ጢቅ አደረገ። አልተቀየምኩትም።

ሳጥኑን ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ራቅ ያለው ግድግዳ ጥግ አደረግነው። ሰጋቱራ ነሰነስን። ዳማና ጉራች መጀመሪያ ተቃቅፈው ጥግ ያዙ፤ ከዚያ ዳማ ጀመረችና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጠች። ጉራች በቆሰለው እግሯ እያነከሰች ተከተለቻት። ልክ ነው። እስካሁን ከሞከርነው ሁሉ ልክ የሆነው እሱ ነው። ይህን ስጽፍም ይዘገንነኛል፣ ልክ መሆኑ ግን አይቀርም።

ወሬው ዳንግላ ለመድረስ እስከ ማታ አልቆየም። እትዬ ሣራ ደወለች።

«አይጦቹን ጥለሽ ታርፊያለሽ ስል ጭራሽ ሳጥን ገዛሽላቸው?»

«ልካቸው ነው፣ እትዬ።»

«በኢየሱስ ስም» አለች። ቀጥላም፣ «ልጅቷስ እንዴት ናት?» አለች።

«ጠየቀች» አልኳት። ምን እንደ ጠየቀች አላስረዳኋትም፤ ገብቷት እንደሆነ አላውቅም፣ ስልኩን ግን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

እራት ላይ ቤተል ጎመን እየቀነጣጠበች፣ «እማዬ» አለች። «የአባዬም ሳጥን ውስጡ እንደዚህ ለስላሳ ነበር?»

አናጢው ነግሯታል። የጠየቀችው እኔን ነው።

ተነሥቼ ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከክሁ። እጅጌዬን ሰበሰብኩና እጄን አስገባሁ፤ በርጥቡ ሰጋቱራና በዚያ ሩዝ በሚመስለው ነገር መሐል እስከ ወለሉ ድረስ። መዳፌን ጣውላው ላይ ዘርግቼ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሳብኩት። ስንጥር የለበትም። ጉራች መጥታ ጣቶቼን አሸተተች፣ ከዚያም ዞራ እዚያው ላይ ሸናች። ሙቅ ነበር። እጄን ግን ጣውላው እስኪያልቅ አላነሳሁም።

«አዎ» አልኳት። «እንደዚህ ነበር።»

እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ደግሜም ታጠብኩ። ሽታው አልለቀቀም።