አርባው ሰማያዊ ድንጋይ

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ የሚስቴ ወንድም ደግሞ ኤሌክትሪሻን። ደንበኛ ሲጠፋ በየስልካችን ከብዙ ሰው ጋር አንድ ጌም እንጫወታለን። በጌሙ ውስጥ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው ሰማያዊ ድንጋይ የሚገኘው ወንበዴ በሚርመሰመስበት ሸለቆ ብቻ ነው፤ እዚያ የሞተ ሰው የያዘውን ሁሉ ይዘረፋል። ስለዚህ የሚገባው በባዶ እጅ ነው፤ የተለቀመው ሁለታችንም ቁልፍ ባለን መጋዘን ይቀመጣል።

ባለፈው ሳምንት ከሃምሳው ድንጋይ አስሩ የውሃ ሽታ ሆኑ። እኔ አልነካሁም። ታዲያ ማን? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! ብጠይቀው ይክዳል፣ ሚስቴም ታኮርፈኛለች ብዬ ዝም አልኩ።

ዛሬ ግን አርባውንም ተሸክሜ ሸለቆ ገባሁ። ለቤት ሌባ ከምተወው ጀርባዬ ላይ ይሁን! ገና መቆፈር ስጀምር ሦስት ወንበዴዎች ከበው ገደሉኝ።

"የት አባታችሁ!" ብዬ ማበጠሪያውን ወረወርኩት።

"ጋሼ፣ ምነው ጮህክ?" አለኝ የሚስቴ ወንድም በጆሮ ማዳመጫዬ በኩል። "ባዶ እጅህን አይደል የገባኸው? ምን ቀረብህ?"

"ምንም።"

"በል ደስ ይበልህ። ባለፈው በአስር ድንጋይ ጋሻ አዝዤልህ ነበር፤ ዛሬ ደረሰ። ላስደንቅህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ቆይ፣ መጋዘን ላስገባው።"

ጎንበስ ብዬ ማበጠሪያውን አነሳሁት።

"ጋሼ... አርባው ድንጋይ የለም!" አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "ቁልፉ ያለው እኮ እኔና አንተ ጋ ብቻ ነው።"