ቀለም ያለቀበት አጥር

«ቁጭ አትበል» አለችው ቬርና ቄሱን።

አክስቷ ክሌሜንቲን የሻይ ኩባያ በእጇ እንደያዘች ደንግጣ ቀረች። «ምን ነካሽ ልጄ? ቄስ አንተ ይባላል? ያውም በለቅሶ ቤት?»

«በዕድሜ እበልጠዋለሁ።»

ወጣቱ አባ ሪሻር አልተቀየመም፤ ወይም ቅያሜውን ዋጥ አደረገው። ደጅ፣ ለሟቹ አባቷ ለኢዛዶር የተለኮሰው እሳት ይነዳል። እኛ ኦጂብዌዎች፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ሰው ሲሞትብን አራት ቀን እሳት አናጠፋም። ከምንበላው ዓሣም ከዱር ሩዙም እሳቱ ላይ እንጥልለታለን፤ የተጣለለት ሁሉ ይደርሰዋል።

«ቤተ ክርስቲያን የበደለችውን መካስ ትፈልጋለች» አለ ቄሱ። «ለአባትሽ በመቃብሩ ግቢ ውስጥ፣ ከመስቀሉ ሥር ቦታ አዘጋጅተናል።»

«እናቱስ?»

የኢዛዶር እናት ልጆቼን ለሚሲዮኑ አዳሪ ትምህርት ቤት አልሰጥም ብላ ጫካ የደበቀች ሴት ናት። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የያኔው ቄስ ስትሞት ከመቃብሩ ግቢ አጥር ውጭ አስቀበራት። ኢዛዶርን ወስዶ አናጢ አደረገው፤ አጥሩ ሲያረጅም አዲሱን ያሠራው እሱን ነው። ኢዛዶር በየበጋው ያንን አጥር ነጭ ቀለም እየቀባ ሸበተ። ከእናቱ መቃብር ፊት ለፊት ያለውን ጥግ ብቻ ሳይቀባ ያልፋል። ሲቆጡት «ቀለም አለቀ» ይላል። ስንት ቄስ መጥቶ ሄደ፣ ቀለሙ በየዓመቱ እዚያው ጋ አለቀ። ሰፈሩ በሳቅ ይሞታል፤ እሱ ግን አይስቅም።

«አጽሟን አውጥተን ወደ ውስጥ ብናስገባስ?»

«እሷን ማንም አይነካትም። አባቴ ከእናቱ ጎን ይቀበራል። ይቅርታችሁ የእውነት ከሆነ አጥሩን አንሱ።»

«ጳጳሱን ማስፈቀድ አለብኝ።»

«ስታጥሩ ማንን አስፈቀዳችሁ?»

ቄሱ ሲወጣ ክሌሜንቲን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ተይ እንጂ። ኢዛዶር ሰው ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም።»

ቬርናን ያንገበገባትም ይኸው ነው። አባቷ በእናቱ ላይ አጥር አጥሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ኖሮ ሞተ። ለሱ እያለቀሰች ሳይሆን እየተናደደችበት ነበር የሰነበተችው።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ከጳጳሱ መልስ አልመጣም። ቬርና የአባቷን የሚስማር መንቀያ ይዛ ወደ መቃብሩ ሄደች። አባ ሪሻር ተከተላት።

«ላግዝሽ?»

«ቆመህ እይ።»

መንቀያውን ቀለም ካልነካው ሳንቃ ሥር ከተተችና ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበች። ሳንቃው ያለ ምንም ትግል መጣ፤ በጀርባዋ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ሁለተኛውን በባዶ እጇ ሳበችው፣ እሱም መጣ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ሚስማሮቹ የገቡት ጫፋቸው ብቻ ነው። አባቷ ይህን ጥግ አንድም ቀን አጥብቆ አልመታውም።

መንቀያውን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ከሞተ ወዲህ ያን ጊዜ ገና አለቀሰች።

«ለጳጳሱ ምን ልበላቸው?» አለ ቄሱ ቀስ ብሎ።

«ሚስማር አለቀ በላቸው።»

ሳንቃዎቹን ታቅፋ ወደ ቤት ተመለሰች። እሳቱ አልጠፋም። አንዱን መረጠች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችለትና እሳቱ ላይ አደረገችለት።