አክስቴ ብቻዋን የምትከፍተው ጠርሙስ

በክፍላችን «ሬዲዮ» ይሉኛል። አልቀየምም፤ ሬዲዮ ይደመጣል። የመጨረሻው ዓመት ላይ የዕቃ ዲዛይን መምህራችን ለምታውቁት ሰው የሚጠቅም ዕቃ ሠርታችሁ አቅርቡ ሲሉን፣ ሌላው ማንን ልምረጥ እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ እኔ እጄን አውጥቼ ነበር። የመረጥኩት ሰው አክስቴ፣ ዕቃው ክዳን መክፈቻ።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷው ናት። ጣቶቿን ቁርጥማት ከያዛት ወዲህ መርፌው እሺ ቢላትም ክዳን እምቢ ብሏታል። ጠዋት ጠዋት የማርማላታውን ጠርሙስ የምከፍትላት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ስጨርስ ግን ሌላ ከተማ ዲዛይን ኮሌጅ እገባለሁ፤ እንደምገባ ደግሞ አልጠራጠርም። ያኔ ማን ይከፍትላታል? ጎረቤት እንደማትጠራ አውቃለሁ፤ ሰው ከምታስቸግር ደረቅ ዳቦ መብላት ይሻላታል። ለእኔ ነገሩ የማርክ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

እጀታውን ከእንጨት ቆርጬ፣ ሞርሳ ላይ አስሬ ሞረድኩት፤ እስኪልሰልስ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ክዳኑን የሚይዘውን ቀለበት ውስጡን በአንድ በኩል ጎማ አለበስኩት። ቤት ወስጄ አክስቴን ባስሞከርኳት ቁጥር ክዳኑ ይከፈታል፣ እሷም ትመርቀኛለች። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ ከዚህ የተሻለ መክፈቻ እንዳልተሠራ ለክፍሉ ሁሉ አወራሁ።

መምህራችን አንድ ሕግ አላቸው። በሙከራው ቀን ዕቃው የተሠራለት ሰው ራሱ መጥቶ ይሞክራል፤ የሠራው ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ትንፍሽ አይልም። ዕቃውን የገዛ ሰው ቤት አብራችሁት አትሄዱም፣ ይላሉ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲሉ ደግሞ የሚያዩት እኔን ነው።

አክስቴ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች። መክፈቻውን አነሳችና ጎማ በሌለው በኩል ክዳኑ ላይ አሳረፈችው። አዞረችው፣ ተንሸራተተ። ደግማ አዞረችው፣ ያው ነው። ከዚያ ዞር ብላ እኔን ፈለገች።

«በየት በኩል ነበር?» አለችኝ።

አፌን ስከፍት መምህራችን ጣታቸውን አነሱ። አክስቴ እየጠበቀችኝ ቆመች። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቤት ሳስሞክራት፣ ገልብጪው፣ ጫን በይው፣ አሁን አዙሪ እያልኩ አንድም ጊዜ አላረፍኩም። ክዳኑን ሲከፍት የኖረው ምላሴ ነበር።

መምህራችን አንድ ሳምንት ጨመሩልኝ። ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ አንገቷን ደፍታ በሰው ፊት እንዳዋረደችኝ ስትነግረኝ አንጀቴን በላችው።

«ጥፋቱ የዕቃው ነው» አልኳት። «ዕቃውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አስተካክለዋለሁ።»

እንደማስተካክለው እርግጠኛ ነበርኩ። ቀለበቱን ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት አደረግኩት፤ በየትኛውም በኩል ቢያዝ ይነክሳል። አውራ ጣቷን እርጥብ ሸክላ ላይ አስጫንኳትና በዚያው ልክ እጀታውን በሁለቱም ፊት ጎድጎድ አድርጌ ፈለፈልኩት። እጇ የት እንደሚያርፍ ከእንግዲህ የሚነግራት አያስፈልግም።

ሙከራው በሚደገምበት ቀን ጠዋት መክፈቻውን ጠርሙሱ አጠገብ አስቀምጬ፣ ምንም ሳልል መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ምላሴን ነክሼ ነው የቆምኩት። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ቀጥሎ ክዳኑ ጧ አለ።

ስወጣ ዳቦው ላይ ማርማላታ እየቀባች ነው፤ ለእኔም ቀብታልኛለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ? አመመሽ እንዴ?»

ደስ አለኝ፤ ደግሞም ሆዴ ባባ። ደህና ነኝ ብያት ዳቦዬን አነሳሁ። እሷ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ መለሰችው፣ ትንሽ አሰብ አደረገች፣ ከዚያም ማርማላታ ሳያስፈልጋት እንደገና ከፈተችው።