የጎጆ ብርድና የኤቢሳ ፊት

ደጋዋ ጎጆ ከተማ ላይ የሰው ፊት ሲላጥ ጥፋተኛው ብርድ ነው። ከንፈር ሲሰነጠቅ ብርድ፣ አፍንጫ ሲቀላ ብርድ፣ ሚስት ስታኮርፍም ሳይቀር ብርድ። ከከተማው መውጫ ድልድይ ስንሠራ እኔ ስቶር ኪፐር ነበርኩ፤ ሄልሜት፣ ጓንትና ቦት ጫማ የማድለው እኔ ነኝ። እጮኛዬ ኤቢሳ እዚያው ግንበኛ ነበር። መልከ መልካም ነው ብል ለራሴ እንዳዳላሁ አይቆጠርብኝ፣ ጎጆ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ሥራው በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ግን ያ ፊት እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጥ ጀመር።

ከበሽታው ይልቅ ያናደደኝ መድኃኒቱ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግንበኞቹ ሄልሜታቸውን እንደ ደፉ ድንጋይ ክምሩ ላይ ይደረደሩና ፊታቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። ብርድ የመታውን ፊት ማሞቃቸው ነው! ኤቢሳማ ጉንጩን ቫዝሊን ለቅልቆ ነው የሚቀመጠው።

«ኤቢሳ፣ ያቃጠለህ እኮ ፀሐይ ነው» አልኩት።

«ጎጆ ላይ? በሁለት ሹራብ እየተንቀጠቀጥኩ ፀሐይ አቃጠለህ ትይኛለሽ?» አለና ሳቀ። ጓደኞቹም አብረው ሳቁብኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «እንደ ፍጥርጥርህ» ብዬ እተወው ነበር። ነገር ግን እናቴ አዴ ድንቅቱ ቅዳሜ ከእጃጂ ልትመጣ ነው፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልጁን በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። እናቴ የቸርች ሰው ናት፣ አረቄ የሚሸትበት ደጅ አትረግጥም። ምክንያትም አላት፤ አባቴን ከእጇ የነጠቃት አረቄ ነው። የተሰነጠቀ ከንፈርና ያበጠ ጉንጭ ከሩቅ ትለያለች። ኤቢሳ ጠብታ አይቀምስም፣ ፊቱ ግን አረቄ ቤት የሚያድር ሰው ፊት ሆኗል። እናቴ ደግሞ አንዴ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው። ልጁን እወደዋለሁ፤ እንዳላጣው ፈራሁ።

አንድ ጠዋት የሌሊት ጥበቃችን ኦቦ ሂርጳ የእጅ ባትሪያቸውን ሊመልሱ ስቶር መጡ። ውርጩን ሌሊቱን ሙሉ የሚጠጡት እሳቸው ናቸው፣ ቀን ቀን ቤታቸው ይተኛሉ። ባትሪውን ስቀበል ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው የጨቅላ ጉንጭ ነው! አንዲት የተላጠች ቦታ የለችበትም። ደስታዬ ልክ አጣ፣ እጅጌያቸውን ይዤ ግንበኞቹ ፊት ወስጄ አቆምኳቸው።

«ብርድ ነው ያላችሁ፣ እስቲ ይህን ሰው እዩ! ብርድ ፊት የሚልጥ ቢሆን ኦቦ ሂርጳ አጥንታቸው ብቻ በቀረ ነበር!»

ሰውየው ደንግጠው ጉንጫቸውን ይዳብሱ ጀመር። «ማል ባሌሴ? ምን አጠፋሁ ዱረቲ?»

ግንበኞቹ አንዴ እሳቸውን አዩ፣ አንዴ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ኤቢሳ አፍንጫውን ነካ አደረገ። «ታዲያ ያ ሁሉ ቫዝሊን... ራሴን ስጠብስ ነው የከረምኩት?»

«አሁን ገባህ» አልኩት።

ከዚያማ ራሱ ላይ ወፍራም ሻርፕ ጠቅልሎ ሄልሜቱን ከላይ ደፋበት። የሴፍቲ ኃላፊው ቀንዓ ሲያየው ጮኸ፤ እንዲህ የሚንገዳገድ ሄልሜት ድንጋይ ቢወድቅ ከራስ ላይ ይበራል እንጂ አያድንም። እውነቱን ነው። ስለዚህ ነጭ አቡጀዲ ገዛሁና ከሄልሜቱ የውስጥ ቀበቶ ጋር በኋላና በጎን ሰፋሁት፤ ጆሮና ማጅራት ላይ ይወርዳል፣ ሄልሜቱም እንደ ጠበቀ ይቀመጣል። ቀንዓ ወዘወዘው፣ ነቀነቀው፣ ፈቀደ። ለአፍንጫውና ለጉንጩ የፀሐይ ክሬም ከአምቦ ፋርማሲ አስመጣን፣ ምሳም ሸራ ተወጥሮ ጥላ ሥር ሆነ። መጀመሪያ ኤቢሳን «ሙሽሪት» እያሉ ያሾፉበት ግንበኞች ሳይውሉ ሳያድሩ ለእኛም ስፊልን ብለው ተሰለፉ።

ግን የተቃጠለ ፊት በአንድ ሌሊት አይድንም። እናቴ ደግሞ ትዕግሥት የላትም፣ እኔስ ከማን ወረስኩት? ቅዳሜ ያለችው ሴት ዓርብ በምሳ ሰዓት ድልድዩ ጋ ከተፍ አለች። በሸራው ሥር የተኮለኮሉትን ባለ ነጭ ጨርቆች አይታ «ያ ዋቃዮ! አምላኬ! እነዚህ ሁሉ ሙሽሮች ናቸው? የእኛው የቱ ነው?» አለች።

ኤቢሳ አንገቱን ደፍቶ ተነሣ። ከንፈሩን ስታይ የእናቴ ሳቅ ጠፋ።

«ልጄ፣ ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም፣ አዴ።»

«የሚጠጣ ሁሉ አልጠጣም ነው የሚለው።»

ልከላከልለት ብድግ ብል እናቴ በእጇ መለሰችኝ። ሸራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ።

«እስቲ ያንን ሄልሜት አውልቀው» አለችው።

ቀስ ብሎ አወለቀው። ከቅንድቡ በላይ ጥርት ያለ የጠይም ልጅ ግንባር፣ ከቅንድቡ በታች የተላጠ ጉንጭና የጠቆረ አፍንጫ፤ መካከሉ ላይ ግንበኛ በሲባጎ የለካው የሚመስል መስመር። ግንበኞቹ በሳቅ ፈረሱ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ጠጋ ብላ ግንባሩን በጣቷ ዳሰሰችው።

«የዱረቲ አባት ፊት የተበላሸው እስከ ፀጉሩ ሥር ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አረቄ ግንባር አይምርም። ይህን ልጅ ያቃጠለው ፀሐይ ነው።»

ወደ እኔ ስትዞር ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የእኔማ ቀድሞ ወርዷል። «ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አለች።

ኤቢሳ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል አገጩን ይዛ ቀና አደረገችውና ከላይ እስከ ታች እንደገና አየችው።

«ግን ሠርጉ ይህ ፊት አንድ እስኪሆን ይቆይ» አለች። «ልጄን የምድረው ለአንድ ሰው ነው፣ ለሁለት አይደለም።»