ኅትመቱ ሳያልቅ የተገደለ ሰሌዳ

መቅረጫውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ።

ባስቲድ እባላለሁ፤ ፓሪስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ማተሚያ የዘወርኩ ሰው ነኝ። ሠዓሊ አይደለሁም፤ ሠዓሊም አልወድም። የዓለም ጦርነቱ ካለቀ ወዲህማ ባሰባቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው የመዳብ ሰሌዳ ይጭሩና የወጣውን ሁሉ «አጋጣሚ ሠራው» ብለው ይፈርሙበታል። የማተሚያ ቤታችን ጌታ አቶ ቬርኑ፣ በፈረንሳዮች አጠራር ሙሴ ቬርኑ፣ የነዚህ አለቃ ነበር።

ዩጌት ደግሞ ከመታተሙ በፊት ሰሌዳውን ቀለም የምትቀባልን ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀለም በተልባ ዘይት ስታቀጥን፣ ስታወፍር ኖረች። ሌላው ለሦስት ቀለም ሦስት ሰሌዳ ይፈጃል። እሷ ግን ራሷ በቀረጸችው ሥዕል፣ በአንድ ሰሌዳና በአንድ ዙር ሦስቱንም አወጣች። ዘይት የጠገበው ቀለም ደረቁን አላስጠጋም ብሎ፣ እንደተጣሉ ጎረቤቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚባለው ለዚያ ሰሌዳ ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት አንስቼ ወደ መስኮቱ ወስጄ ደግሜ አየሁት፤ አልዋሽም።

የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በፀደዩ ኤግዚቢሽን ሥራዋ ላይ ስሟ እንዲነበብ። ስለዚህ ሲታተም እንዲቀና ገልብጣ ሰሌዳው ጥግ ላይ ቀረጸችው።

ሙሴ ቬርኑ ወረቀቱን ያየው ከባለቅኔ ወዳጆቹ ጋር ነበር።

«ማን ሠራው?» አለ አንደኛው።

«አጋጣሚ» አለ ቬርኑ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ሙሴ» አለች ዩጌት። «የዘይቱ ልክ ደብተሬ ላይ አለ።»

«ልክ? ልጄ፣ በልክ የሚሠራው ወጥ ቤት ነው። ሰላጣ መሰለሽ እንዴ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ አሳዳሪዬ ነው።

እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። «ስሜ ይኖራል ወይስ አይኖርም?»

«ባስቲድ፣ እስቲ መቅረጫ አቀብለኝ» አለኝ ቬርኑ።

እኛ ዘንድ ሰሌዳ የሚገደለው ኅትመቱ ሲያልቅ ነው፤ ማንም ዳግም እንዳያትምበት መስቀለኛ ይጫርበታል። የዩጌት ሰሌዳ ገና አንድ ወረቀት ነው የወለደው። ለምን እንደፈለገው ገብቶኛል። ገብቶኝ አቀበልኩት። ከጥግ እስከ ጥግ ጫረው፤ ሁለተኛው ጭረት ስሟን መሀል ለመሀል ቀደደው።

«አሁን የእኔ ሥራ ሆነ። በይ፣ ቀለም ቀቢው።»

ከሷ በቀር የሚችል አልነበረም። እምቢ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ሌላ ሰው ከነካው ያጨማልቀዋል» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ቀለሙን እየለወሰች።

ማተሚያውን ዘወርኩት። ቀዩ ቀለም አዲሱን ጭረት ሞልቶት ደም መስሎ ወጣ። ያምር ነበር። እንዲህ ያለ ውበት ድፍት ይበል፣ ግን ያምር ነበር። ባለቅኔዎቹ አጨበጨቡ። ሃምሳ አተምን፤ ሃምሳውንም ቬርኑ ፈረመባቸው።

በኤግዚቢሽኑ ቀን አንዲት ወይዘሮ ጥጉ ላይ አጎንብሳ ከጭረቱ ሥር አነበበች። «ዩጌት... ማናት ይቺ?»

«ማንም» አለ ቬርኑ። «በሕልሜ የሰማሁት ስም ነው።»

ዩጌት ካፖርቷን እንደለበሰች ከወይዘሮዋ ጀርባ ቆማለች። ጥፍሯ ሥር ሰማያዊው ቀለም አልለቀቀም። እኔን ብቻ አየችኝ።

ወይዘሮዋም ወደ እኔ ዞረች። «አታሚው አንተ ነህ አይደል? ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም፣ መዳም» አልኩ።